ቴኳንዶ፣ ቦክስ፣ ካራቴ ወይስ ጁዶ? ስለ ማርሻል አርት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጂም ውስጥም ሰፈር ውስጥም ቴሌግራም ላይም ሰው ሚጠይቀኝ ሁሌ አንድ አይነት ነገር ስለሆነ መልሶቹን አንድ ቦታ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው። ስድስት አመት ቴኳንዶ ሰርቻለሁ፣ ከዛ ቦክስ ገባሁ፣ አሁን ደሞ ጁዶ ላይ ነኝ፣ ማታ ማታ ጀማሪዎችን አለማምዳለሁ። አንዱን ስታይል ከፍ አድርጌ ሌላውን ለመስደብ አይደለም ምፅፈው፣ ሁሉም ጋር ምወዳቸው ሰዎች አሉኝ፣ ግን ጊዜያችሁንና ብራችሁን ምታወጡበት ነገር ስለሆነ ማምንበትን በግልፅ እናገራለሁ። አመተ ምህረቶቹን በፈረንጅ ነው ምፅፈው።

ከሁሉም ሚበልጠው ስታይል የቱ ነው?

ለኔ ስታይሉ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ጠይቅ ምልህ "እዚህ ክለብ ውስጥ እምቢ ከሚለኝ ሰው ጋር እለማመዳለሁ ወይ?" ብለህ ነው። እምቢ ሚል ስልህ ቡጢ ስትሰነዝርበት ሚሸሽ፣ ስትይዘው ሚወራጭ፣ እሱም በተራው ሊያሸንፍህ ሚፈልግ ሰው ማለቴ ነው። ቦክስ፣ ጁዶ፣ ሬስሊንግ፣ ሙዋይ ታይ (የታይላንድ ቦክስ)፣ ብራዚሊያን ጁጂትሱ (መሬት ላይ ሚታገሉት) ጠንካራ ሆነው ሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ጃብ እኮ እጅን መዘርጋት ነው በቃ፣ ምንም ሚስጥር የለውም፣ ግን ቦክሰኛው ያቺን ጃብ መመታት በማይፈልግ ሰው ፊት ላይ በሳምንት ሶስት አራት ቀን ለአመታት ሲሞክራት ኖሯል፣ ስለዚህ መቼ እንደምትገባና መቼ እንደምትከሽፍ አይኑ ያውቀዋል።

ዋና ወንዝ ዳር ቆሞ አይለመድም። እጅና እግርህን ምንም ብታሳምር ውሀው ሲይዝህ ሌላ ነገር ነው።

እሺ እንዴት ነው ሚሰራው? በመጀመሪያው ቀን ተደባደብ ነው እንዴ?

አይ፣ እንደሱ ሚያደርግ ክለብ ካለ ሽሸው። አንድ ምሳሌ ልስጥህ፣ እጅ መያዝን እንውሰድ፣ ሁሉም ክለብ ውስጥ ስላለ። ጓደኛህ አንጓህን ይይዛል፣ አንተ እጅህን አዙረህ በአውራ ጣቱ በኩል ታስለቅቃለህ። ቴክኒኩ ትክክል ነው፣ የመያዣው ደካማ ቦታ አውራ ጣቱ ጋ ነው። ችግሩ ጓደኛህ ይዞህ እንደ ሀውልት ቀጥ ብሎ ይጠብቅሃል። ከምሩ ሚይዝህ ሰው ደሞ ወደራሱ ይጎትትሃል፣ በሌላኛው እጁ ይሰነዝራል፣ ብታስለቅቅም መልሶ ይይዝሃል።

እኔ በሶስት ደረጃ ነው ማሰራው። መጀመሪያ አስር አስራ አምስት ጊዜ ያለ ምንም ተቃውሞ፣ ሰውነትህ መንገዱን እንዲያውቀው ብቻ። ቀጥሎ ያዡ ይጎትታል፣ ይገፋል፣ እግሩን ያንቀሳቅሳል፣ ግን በደንብ ከሰራኸው ይለቅሃል። ከዛ ጨዋታ ይሆናል፦ ሁለት ደቂቃ፣ የሱ ስራ ይዞ ጎትቶ ግድግዳው ጋ ማድረስ ነው፣ ያንተ ስራ አስለቅቀህ መሀል መመለስ፣ ማንም ለማንም አይለቅም። እዚህ ላይ ከአስሩ ሶስቱ ከተሳካልህ በጣም ጥሩ ነው፣ ያቺ ሶስት የራስህ ናት። አስተውል፣ እዚህ ጨዋታ ውስጥ አንድም ቡጢ የለም፣ ማንም አልተጎዳም፣ ግን ሙሉ ተቃውሞ አለ። ለጃብም ያው ነው፣ አንድ ራውንድ እሱ ጃብ ብቻ ይሰነዝራል፣ አንተ መከላከልና ማምለጥ ብቻ፣ ቀጣዩ ራውንድ ሁለታችሁም ጃብ ብቻ፣ እንደዛ እያልክ ትከፍተዋለህ። ሙሉ ስፓሪንግ (ልምምድ ላይ እርስ በርስ መፋለም) ሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሀሳቡ አዲስ አይደለም። የጁዶ መስራች ጂጎሮ ካኖ በ1882 ቶኪዮ ውስጥ፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ በተሰጠው ትንሽ ክፍል ኮዶካን ሚባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት ሲከፍት ያደረገው ይሄንኑ ነው። የድሮው ጁጁትሱ አይን መንቀል፣ ጣት መስበር፣ ምናምን ነበረው፣ እነዚህን ደሞ ጓደኛህ ላይ ከምር መለማመድ አትችልም፣ በማስመሰል ብቻ ነው ምትሰራው። ካኖ አደገኞቹን ከነፃ ትግሉ አወጣና በሙሉ ሀይል ሊሞከሩ ሚችሉትን አስቀረ፣ ራንዶሪ ይባላል ነፃ ትግሉ። ውጤቱ ግን ከታሰበው ተቃራኒ ሆነ፣ "አደገኛ" ቴክኒክ በሀሳብ ከሚለማመደው ሰው ይልቅ "ቀላሉን" በየቀኑ በእውነት ሚጥለው ሰው በለጠ። አሁንም ድረስ "የኛ ስታይል በጣም ገዳይ ስለሆነ ስፓር አናደርግም" ሚል ማስተር ሲያጋጥመኝ ይቺ የካኖ ታሪክ ናት ትዝ ምትለኝ።

ቴኳንዶ ለጠብ አይሆንም ሚባለው እውነት ነው?

ይሄን ጥያቄ ረጋ ብዬ መመለስ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም እኛ ሀገር ከማንኛውም ማርሻል አርት ይልቅ ወጣቱን የያዘው ቴኳንዶ ነው፣ በየወጣት ማዕከሉ፣ በየቀበሌው አዳራሽ፣ ጠዋት ሜዳ ላይ ዶቦክ ለብሶ ሚሰራ ልጅ ታያለህ፣ ሰለሞን ቱፋ ደሞ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ባንዲራችንን ይዞ በቴኳንዶ ተወዳድሯል። ስለዚህ "አይሆንም" ብሎ መጣል ግፍ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ቴኳንዶ እንዳለ እወቅ። አንዱ ኦሎምፒክ ላይ ያለው ወርልድ ቴኳንዶ ነው፣ ሌላው በ1966 ጀነራል ቾይ ሆንግ ሂ የመሰረተው አይቲኤፍ። በኦሎምፒኩ ህግ ቡጢ ወደ ፊት መሰንዘር ክልክል ነው፣ ደረት ላይ ያረፈ ቡጢ አንድ ነጥብ፣ ደረት ላይ እርግጫ ሁለት፣ ጭንቅላት ላይ ሶስት፣ ከተዞረበት ይጨምራል። ከወገብ በታች መምታት የለም፣ ይዞ መጣልም የለም። አሁን አስበው፣ ቡጢ ፊትህ ላይ ማይመጣ ከሆነ እጅህን ለምን ትሰቅላለህ? ታወርዳለህ። እግርህ ማይመታ ከሆነ ጎንህን ሰጥተህ ትቆማለህ። ህጉ ነው ሰውነትህን ሚቀርፀው። አይቲኤፍ ላይ ጓንት አድርገው ፊት ይመታሉ፣ ግን እዛም እግር መምታትና መጣል የለም።

እኔ ራሴ ከስድስት አመት በኋላ ቦክስ ክለብ ስገባ ያጋጠመኝ ይሄ ነው። ስምንት ወር የሰራ የ17 አመት ልጅ ነበር፣ በመጀመሪያው ራውንድ ፊቴን እንደፈለገ ይነካው ነበር፣ እጄ ወገቤ ጋ ነው ያለው፣ እንደማወርደው እንኳን አላውቅም። አሰልጣኙ ከገመዱ ውጪ ሆኖ "እጅ! እጅ!" ይላል፣ እኔ ግን የቱን እጅ እንደሚል አልገባኝም። ሶስት ወር ፈጅቶብኛል እሱን ለማስተካከል። ግን ሌላውም እውነት ነው፣ ርቀት መለካት፣ ፍጥነት፣ ጎን እርግጫ፣ የእግር ቅልጥፍና፣ እነሱን ያመጣሁት ከቴኳንዶ ነው፣ ያ ልጅ ራሱ ሆዱ ላይ ሁለት ጎን እርግጫ ከገባለት በኋላ (አሰልጣኙን አስፈቅደን በሌላ ቀን ነው) ዝም ብሎ መጠጋቱን ተወ።

ስለዚህ ቴኳንዶ ምትሰራ ከሆነ አትተወው። በሳምንት አንድ ቀን ቦክስ ጨምርበት፣ አንድ ቀን ደሞ ሚይዝህና ሚጥልህ ሰው ፈልግ። ፑምሴና ቱል (ብቻህን በቅደም ተከተል ምትሰራቸው የተወሰኑ እንቅስቃሴዎች) ብቻ ሚያሰራህ ክለብ ከሆነ ግን፣ ስፓሪንግ በአመት አንዴ ለቀበቶ ፈተና ብቻ ከሆነ፣ እሱን ከማስተሩ ጋር በአክብሮት አውራው።

ካራቴስ?

ካራቴ አንድ ነገር አይደለም። ኪዮኩሺን ሰዎቹ ያለ ጓንት ደረትና እግር ላይ በሙሉ ሀይል ይማታሉ፣ ጉልበት አላቸው፣ ህመም ይችላሉ፣ ግን በእጅ ፊት መምታት በውድድራቸው ስለሌለ ግንባር ለግንባር ቆመው መለማመዳቸው ክፍተት ነው። የነጥብ ካራቴ ደሞ ገብቶ መምታትና ወዲያው መውጣት ነው፣ ጊዜ አጠባበቁ በጣም የሚደነቅ ነው፣ ልዮቶ ማቺዳ በ2009 የዩኤፍሲ (ትልቁ የኤምኤምኤ፣ ማለትም ሁሉም ስታይል ተቀላቅሎ ሚፋለምበት ውድድር) ሻምፒዮን የሆነው እሱን ይዞ ነው (ሬስሊንግና ጁጂትሱም ጨምሮበት)።

ህጉ ግን እስከምን እንደሚሄድ ለማየት ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ የሆነውን ማስታወስ ነው። የከባድ ሚዛን ፍፃሜ ላይ የሳውዲው ታሪግ ሃመዲ ኢራናዊውን ሳጃድ ጋንጅዛዴን ጭንቅላቱ ላይ ረግጦ ራሱን አሳተው። ወርቁን የወሰደው የወደቀው ሰውዬ ነው፣ ሃመዲ ከልክ ያለፈ ሀይል ተጠቅመሃል ተብሎ ተባረረ። በህጉ ልክ ነው፣ እሱ ስፖርት ላይ መቆጣጠር ነው ሚፈለገው። እኔ ምለው፣ ለአመታት ሊነካ ሲል ማቆም የለመደ እግር በሚያስፈልገው ቀን ሌላ ነገር እንዲሰራ አትጠብቅበት፣ ስለዚህ ከረጢት ላይ በሙሉ ሀይል ምትመታበት ቀን ይኑርህ።

ካታ (የካራቴው ፑምሴ ማለት ነው) ሚዛን፣ አተነፋፈስና ትዕግስት ያስተምራል። መደባደብን ግን ብቻውን አያስተምርም።

ኩንግ ፉና ዊንግ ቹንስ?

በ2017 ቻይና ቼንግዱ ውስጥ ሹ ዢያዶንግ ሚባል የኤምኤምኤ ተፋላሚ ታይቺ (ከኩንግ ፉ አይነቶች አንዱ) ማስተር ነኝ ካለ ዌይ ሌይ ከተባለ ሰው ጋር ገጠመ፣ 20 ሰከንድ እንኳን አልሞላም። ብዙ ሰው ያን ቪዲዮ አይቶ "ኩንግ ፉ ውሸት ነው" ይላል። እኔ ሌላ ነገር ነው ያየሁት፦ ሰውዬው የመጀመሪያው ቡጢ ሲመጣበት ፊቱ ላይ ሚታየው ድንጋጤ። ያ ድንጋጤ ከዛ በፊት እንደዛ አይነት ቡጢ መጥቶበት እንደማያውቅ ይነግርሃል። ሳንዳ ምንለው የቻይናዎቹ ቦክስ፣ እርግጫና መጣል ያለበት ስፖርት ግን ከዛው ሀገር የወጣ ነው፣ ሚሰሩት ሰዎች ከማንም ጋር ይቆማሉ። ኩንግ ፉ ከወደድክ ሳንዳ ሚያሰራ ዉሹ (የቻይና ማርሻል አርት) ክለብ ፈልግ።

ቦክስ ይሻላል ሙዋይ ታይ?

ቅርብህ ያለው ይሻላል። ቦክስ ርካሽ ነው፣ በየክፍለ ከተማው አለ፣ ጭንቅላትን ማንቀሳቀስና ፉትወርክ (የእግር አንቀሳቀስ) ላይ ሚደርስበት የለም። ሙዋይ ታይ ክርን፣ ጉልበት፣ ጭን ላይ ሚያርፍ እርግጫና ክሊንች ይጨምራል፣ ማለትም አንገት ላንገት ተያይዞ መታገል፣ እኛ ሀገር ጠብ ደሞ ቶሎ መያያዝ ስለሚሆን ክሊንቹ ትልቅ ነገር ነው። የታይላንድ ሰዎች ላይ ሚገርመኝ በቀን ሁለቴ እየሰሩ ስፓሪንጋቸው በጣም ቀላል መሆኑ ነው፣ ይሳሳቃሉ፣ ይነካካሉ፣ ምክንያቱም ቶሎ ቶሎ ስለሚፋለሙ መጎዳት አይችሉም። ከዛ ብዙ መማር አለብን።

መሬት ላይ መታገል ምን ያደርግልኛል? አስፋልት ላይ ማን ይተኛል?

እውነት ነው፣ አስፋልት ላይ በፈቃድህ አትተኛ። ግን መተኛትህን ሁሌ አንተ አትወስንም፣ ሰው ይጥልሃል፣ ድንጋይ ያደናቅፍሃል። ያኔ መነሳት ሚያውቀው የተለማመደ ሰው ነው።

በ1993 ዴንቨር ላይ የመጀመሪያው ዩኤፍሲ ሲካሄድ ሮይስ ግሬሲ 80 ኪሎ ገደማ ሚመዝን ቀጭን ልጅ ነበር፣ በአንድ ምሽት ሶስት ሰው አሸነፈ። ከሶስቱ አንዱ አርት ጂመርሰን አንድ እጁ ላይ ብቻ ጓንት ያደረገ ቦክሰኛ ነው፣ መሬት ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ ራሱ እጅ ሰጠ። ቦክሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ እዛ ቦታ ላይ አንድም ቀን ቆይቶ አያውቅም። አሁን ሁሉም ተፋላሚ መሬቱን ስለሚያውቅ ጁጂትሱ ብቻውን አያሸንፍም፣ ሬስሊንግ ሚችል ሰው ትግሉ የት እንደሚሆን ይወስናል።

ጁዶ፣ ሬስሊንግና ጁጂትሱ ሚለያዩት በትኩረት ነው። ጁዶ ልብስ ይዞ መጣል ነው፣ ጃኬት ለለበሰ ሰው በጣም ይሰራል፣ ግን ከ2013 ጀምሮ በአለም አቀፍ ውድድር እግር መያዝ ሙሉ በሙሉ ስለተከለከለ የዛሬ ጁዶ ሰሪ እግሩ ላይ ሚገባበትን ሰው መከላከል ይረሳል። ሬስሊንግ ያለ ልብስ ነው፣ ጉልበትና ትንፋሽ ይገነባል። ጁጂትሱ መሬቱ ላይ ብዙ ጊዜ ያጠፋል፣ ቆሞ መጣል ላይ ግን ብዙ ክለብ ይሰንፋል።

የኛ ባህላዊ ትግልስ ይቆጠራል?

ለምን አይቆጠርም። ገጠር ያደገ ሰው ከብት ጥበቃ ላይ ሲታገል ነው ያደገው፣ ጠልፎ መጣል፣ ወገብ ይዞ ማንሳት፣ ሁሉም ከምር ነው፣ ተጋጣሚው እምቢ ይላል። ጁዶ ላይ አንድ ከገጠር የመጣ ልጅ አለን፣ ቴክኒኮቹን በጃፓንኛ ስማቸው አያውቃቸውም ግን ሁለት ሶስቱን ከመምጣቱ በፊት በደንብ ይሰራቸው ነበር። የሱሪዎች ዶንጋም ያው ነው፣ ረጅም ዱላ፣ ዳኛ አለው፣ ተጋጣሚን መግደል ክልክል ነው፣ ልጆቹ ከትንሽነታቸው በእንጨት እየተጫወቱ ነው ሚያድጉት።

ክራቭ ማጋ ገዳይ ነው ይላሉ

ክራቭ ማጋ የእስራኤል ወታደሮች ሚማሩት ራስን መከላከያ ነው። የመሰረተው ኢሚ ሊክተንፌልድ ራሱ ብራቲስላቫ ውስጥ ያደገ ቦክሰኛና ሬስለር ነበር፣ ይሄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። መሰረቱ ስፓሪንግ ላይ የቆመ ሰው ነው ቀላል ነገሮችን መርጦ ለወታደር ያዘጋጀው። እስራኤል ያላችሁ ልጆች ብዙዎቻችሁ ውትድርና ላይ ነክታችሁታል። ጥሩ ክለብ ጓንት አስለብሶ ያፋልማል፣ መጥፎ ክለብ ደሞ ብልት ምታ፣ አይን ውጋ፣ ጨረስክ ይልሃል፣ ሁሉንም በማስመሰል። የካኖን ነገር አስታውስ።

መንገድ ላይ ጠብ ቢመጣ ምን ይጠቅመኛል?

እኛ ሀገር ጠብ የራሱ መልክ አለው፣ ፊልም ላይ እንዳለው አይደለም። መጀመሪያ ስድብ፣ መገፋፋት፣ ኮሌታ መያዝ፣ ከዛ ቴስታ ወይ ካልቾ ይመጣል፣ ወዲያው ደሞ ገላጋይ። ገላጋይ ትልቁ ነገር ነው! ሊያስታርቅ ብሎ አንተን ከኋላ ሁለቱንም እጅህን ይይዝሃል፣ ሌላኛው ሰውዬ ደሞ አልተያዘም፣ ብዙ ሰው ጥርሱን ያጣው ተይዞ እያለ ነው። ስለዚህ ክለባችን ውስጥ እሱን ራሱ እንለማመዳለን፣ አንዱ ከኋላ ያቅፍሃል፣ ሌላው ከፊት ይመጣል፣ ያንተ ስራ ያቀፈህን ሰው አዙረህ መሀል ማድረግና መውጣት ነው። ኮሌታ ሲያዝ አገጭህን ዝቅ አድርገህ ግንባርህን አስቀድም፣ አንድ እጅህ የያዘህን እጅ፣ ሌላው ትከሻው ላይ፣ እንደዛ ከሆነ ቴስታ አይገባልህም። ለዚህ ጁዶና ክሊንች ከምንም በላይ ያገለግላሉ።

ማጅራት መቺ ደሞ ከኋላ ነው ሚመጣው፣ ክንዱን አንገትህ ላይ ይጠመጥማል። አንገት በትክክል ከታነቀ ከ10 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ራስህን ትስታለህ፣ ስለዚህ ክርን ለመምታት ጊዜ የለህም። መጀመሪያ በሁለት እጅ የሚያንቅህን እጅ ወደታች ጎትት፣ አገጭህን አስገባ፣ ዳሌህን ዝቅ አድርግ፣ ከዛ ወደ ክርኑ አቅጣጫ ተጠማዘዝ። ይሄን አንብበህ አትችለውም፣ ቀስ ብሎ ሚያንቅህ፣ ስትነካው ወዲያው ሚለቅ ጓደኛ ያስፈልግሃል፣ ሃምሳ ጊዜ፣ መቶ ጊዜ።

ሴንጢ ወይ ቢላ ካወጣ ስልክህን ስጠው። ሽሽ። ቢላ መንጠቅ ሚያስተምሩ ክለቦች ላይ አንድ ሙከራ አለ፦ ነጭ ቲሸርት ልበስ፣ ጓደኛህ ያልተከደነ ማርከር ይያዝና ከምሩ ይውጋህ፣ አንተ በተማርከው ተከላከል። ከሰላሳ ሰከንድ በኋላ ቲሸርትህን አይተህ ትረዳዋለህ። ተማሪዎቼ ሁሉ አንድ ጊዜ ይሰሩታል፣ ከዛ በኋላ መሮጥ ማያሳፍር ነገር መሆኑን እኔ መንገር አያስፈልገኝም።

ሕጉንም እወቅ። በ1996 ዓ.ም. (በኛው) የወጣው የወንጀል ህጋችን አንቀጽ 78 ላይ ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፣ ግን ከጥቃቱ ጋር ሚመጣጠን መሆን አለበት፣ ከልክ ካለፍክ አንቀጽ 79 ነው ሚመለከትህ። ወድቆ ያበቃለትን ሰው መርገጥ መከላከል አይባልም። ውጪ ሀገር ያላችሁ ደሞ የምትኖሩበትን ሀገር ህግ ጠይቁ፣ ይለያያል።

ስፓሪንግ ላይ ጭንቅላቴ ቢጎዳስ?

ይሄ ላይ ቀልድ የለም፣ ከዚህ ፅሁፍ አንድ ነገር ብቻ ምትወስድ ከሆነ ይሄን ውሰድ። አብሮኝ ይሰራ የነበረ ጓደኛዬ አንድ ክለብ ውስጥ አርብ ማታ በደንብ ተመታ፣ ሳይወድቅ ግን "ደነዘዘኝ" አለ፣ ሰኞ መልሰው አስፋለሙት፣ "ወንድ አይደለህ" ተብሎ። ከዛ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ብርሀን ያመው ነበር፣ ማንበብ አይችልም፣ የሰው ድምፅ ያናድደዋል። ሁለተኛው ምት አንጎሉ ሳያገግም ነው የመጣው።

ተመትተህ ራስህን ከሳትክ፣ ከዞረብህ፣ ካስመለሰህ፣ ቀኑን ከረሳህ፣ የዛን ቀን ልምምድ አብቅቷል፣ ሀኪም ጋ ሂድ፣ ምልክቱ ጠፍቶ ሀኪም እስኪፈቅድልህ ስፓሪንግ የለም። ኮፍያው (ሄድጊር) ቅንድብህ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል፣ አንጎልህ ውስጥ ያለውን መናጥ ግን አያስቆምም፣ የወንዶች ኦሎምፒክ ቦክስ ላይ ከ2016 ጀምሮ አውልቀውታል። ስለዚህ ኮፍያ አድርገናል ብላችሁ አትጨፋጨፉ።

ከስፓሪንጋችን አብዛኛው በጣም ቀላል ነው፣ ፊት ላይ መንካት ብቻ፣ ሆድና እግር ላይ ትንሽ ጠንከር። ተጋጣሚህ ከጠነከረብህ "ቀስ በል" ማለት መብትህ ነው፣ እምቢ ካለ ከዛ ውጣ። ስፓር ስታደርግ እያሰብክ ከሆነ እየተማርክ ነው፣ አይንህን ጨፍነህ እየወረወርክ ከሆነ ፍጥነቱ ካቅምህ በላይ ነው።

ሴት ነኝ፣ የቱን ልጀምር?

እህቴ፣ መጀመሪያ ያዝሽ ለቀቅሽ ያለበትን፣ ማለትም ጁዶ ወይ ጁጂትሱ ብትጀምሪ እላለሁ፣ ምክንያቱም ሴት ላይ ሚመጣው አብዛኛው ነገር እጅ መያዝ፣ መጎተት፣ ከላይ መሆን ነው፣ ብዙ ጊዜም ከምታውቂው ሰው ነው። ጁጂትሱ ላይ ከበድ ያለ ሰው ደረትሽ ላይ ሆኖ እንዴት እንደምትወጪ በየቀኑ ትሰሪዋለሽ፣ ያ ከመደናገጥ ያድናል። የሁለት ቀን "ራስን መከላከል" ስልጠና ድምፅ ማውጣትንና ንቁ መሆንን ካስተማረሽ ጥሩ ነው፣ ከዛ በላይ ቃል ከገባልሽ አትመኚው። ክለብ ስትመርጪ ሌሎች ሴቶች ስንት ጊዜ እንደቆዩ ጠይቂያቸው። አሰልጣኙ አነካኩ ካልተመቸሽ ምንም ማብራሪያ ሳትሰጪ መውጣት ትችያለሽ።

ለልጄስ?

ጁዶ፣ ሬስሊንግ፣ ጂምናስቲክ፣ ወይ ቴኳንዶ በጨዋታ መልክ። አወዳደቅ መማር ብቻውን ለእድሜ ልኩ ይጠቅመዋል። ጭንቅላት ላይ ሚመታበት ስፓሪንግ ለልጅ አይሆንም፣ ማንም ምንም ቢልህ።

ጥሩ ክለብ በምን ይታወቃል?

ሄደህ አንድ ሰአት ቁጭ ብለህ እይ። ከዛ ሰአት ውስጥ ስንት ደቂቃ ሰዎች ለሁለት ሆነው ይሰራሉ? የቆዩት ተማሪዎች ጀማሪውን ይንከባከቡታል ወይ ይጫወቱበታል? ማስተሩ ጥያቄ ሲጠየቅ ያብራራል ወይ ይቆጣል? ሌላ ክለብ ሄደህ እንድትሞክር ይፈቅዳል? ይሄ የመጨረሻው ለኔ ትልቁ ምልክት ነው፣ ስራውን ሚተማመን አሰልጣኝ ተማሪው ሌላ ቦታ ሄዶ ቢፈተን አይፈራም። ወለሉንም እይ፣ መጣል ሚያስተምር ክለብ ሲሚንቶ ላይ ስስ ምንጣፍ ብቻ ካነጠፈ አትግባ።

ጥቁር ቀበቶ በየክለቡ ትርጉሙ ይለያያል። ብራዚሊያን ጁጂትሱ ላይ አስር አመት አካባቢ ይፈጃል፣ ሌላ ቦታ ሶስት አመት ውስጥ ሚሰጥ አለ። በየሶስት ወሩ ለፈተና ብር ክፈል ከተባልክና ወድቆ ሚያውቅ ተማሪ ከሌለ ምን እየገዛህ እንደሆነ አስብ።

ብቻዬን በዩቱብ መማር እችላለሁ?

ግማሹን። ገመድ መዝለል፣ ሻዶ ቦክሲንግ (ብቻህን አየር ላይ መቦክስ)፣ ከረጢት መምታት፣ ሰውነት ማጠንከር፣ እነዚህን ብቻህን ስራ፣ በተለይ ሩቅ ሀገር በስራ ምክንያት ክለብ መሄድ ማትችሉ፣ አረብ ሀገር በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እረፍት ያላችሁ፣ ይሄ ራሱ ብዙ ነው። ርቀትና ጊዜ ግን ሌላ ሰው ይፈልጋል። አንድ ጓደኛ ካለህ፣ ጓንትና የጥርስ መከላከያ ካላችሁ፣ ከላይ የፃፍኩትን የጃብ ጨዋታ መጀመር ትችላላችሁ። ማነቅና መገጣጠሚያ መጠምዘዝን ግን ሚያውቅ ሰው ሳይኖር አትሞክሩ።

በሳምንት ስንት ቀን፣ ምን ዕቃ?

ሶስት ቀን ለጀማሪ በቂ ነው፣ ሁለቱ መማታት፣ አንዱ መታገል፣ ወይ በተቃራኒው። ከውጪ መጥታችሁ አዲስ አበባ ምትሰሩ የመጀመሪያውን ሳምንት ቀለል አድርጉት፣ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ሁለተኛው ራውንድ ላይ ሳንባችሁ ይነግራችኋል።

ዕቃ ላይ መጀመሪያ ፋሻና የጥርስ መከላከያ ግዛ፣ ሌላውን ከክለቡ ትዋሳለህ። ፋሻው 4.5 ሜትር ያለው ይሁን፣ አጭሩ አንጓህን በደንብ አይዝልህም። የጥርስ መከላከያውን ትኩስ ውሀ ውስጥ ነክረህ ነክሰህ በጥርስህ ቅርፅ አውጣው፣ አፍህን ከፍተህ ሚወድቅ ከሆነ ድገመው። ለስፓሪንግ ጓንት 16 አውንስ፣ ለከረጢት ሌላ፣ ምክንያቱም ከረጢት ላይ ያለቀ ስፖንጅ የጓደኛህን ፊት ይጎዳል። ከልምምድ በኋላ ጓንቱን ቦርሳ ውስጥ እንዳትተወው፣ ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቀህ አየር ላይ ስቀለው፣ ፋሻውን ደሞ ማታውኑ እጠበው።